ወለምታው ድኗል ይላል፤ እሁድ ላሰልፈው ወይስ ላስቀምጠው?

የጠባሴው አሰልጣኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ የሰፈር ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። ደመወዝ የለውም፣ በፍቅር ነው። ጥያቄዬ ስለ አንድ ልጅ ነው። 17 ዓመቱ ነው፣ የመስመር አጥቂ። ከሦስት ሳምንት በፊት ልምምድ ላይ ኳስ ሊያበርድ ሲል ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ወዲያው አበጠ። እናቱ ማታውኑ ወጌሻ ጋ ወሰደችው። ታሸ፣ ቅቤ ተቀባ፣ ታሰረ። እብጠቱ ጎደለ። አሁን ይራመዳል፣ ደረጃ ይወጣል፣ "ድኛለሁ" ይላል። እሁድ ደግሞ የክረምት ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ አለን።

የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ባለፈው ዓመትም የታጠፈው ይኸው እግሩ ነው። ትናንት "እስቲ በአንድ እግርህ ቁም" አልኩት። በግራው ቀጥ ብሎ ቆመ። በቀኙ ሲሆን ቁርጭምጭሚቱ ይንቀጠቀጣል፤ እጁን እያወናጨፈ ወዲያው ሌላውን እግሩን መሬት አስነካ። "ያምሃል?" ስለው "በፍጹም" ይላል። ያየሁት ነገር ግን አላማረኝም። ጓደኞቹም ወላጆችም "አሰልፈው" እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። የሚያውቅ ሰው ካለ ይምከረኝ።

ባሶናው 10 ቁጥር

አሰልፈው አሰልጣኝ! ግማሽ ፍጻሜ በየዓመቱ አይገኝም። በፋሻ ጠበቅ አድርገህ እሰርለትና ይግባ። ከጨዋታው በፊት ዳይክሎፌናክ ቢወጋ ደግሞ ምንም አይሰማውም። ስንቱ እንዲህ ተጫውቷል።

እናት ዓለም

የኔ ልጅ፣ ምንም አለመሰማቱ እኮ ነው የሚያስፈራው። የኔው ልጅ እንዲሁ ተወግቶ ገብቶ ከዕረፍት በኋላ በሰው ትከሻ ነው የወጣው። መርፌውን ያስወጉት የቡድኑ ሰዎች ከዚያ ወዲያ ቤታችን ዝር አላሉም። ዋንጫውን ማን እንደወሰደ ዛሬ የሚያስታውስ የለም። እግሩን ግን ዝናብ ሲመጣ እስካሁን ይጠዘጥዘዋል። አሰልጣኝ፣ የሰው ልጅ አደራ ነውና አስብበት።

ፊዚዮዋ

ሰላም ወንድሜ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተምሬ አሁን እዚሁ ሰሜን ሸዋ እሠራለሁ። በአንድ እግሩ አቁመህ ማየትህ በጣም ደስ ብሎኛል። አብዛኛው ሰው "ያምሃል?" ብሎ ብቻ ነው የሚያልፈው።

ቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ይለጠጣሉ፤ ሲብስም ይቀደዳሉ። የጅማት ሥራ ደግሞ አጥንትን ከአጥንት ማያያዝ ብቻ አይደለም። እግራችን መሬት ላይ እንዴት እንዳረፈ ለአንጎል የሚናገሩ ነርቮች ውስጡ አሉ። ጅማቱ ሲጎዳ ያ መልእክት ይዛባል፣ ይዘገያል። እግሩ ሊታጠፍ ሲል መልሰው ቀጥ የሚያደርጉት በቅልጥሙ የውጭ ጎን ያሉ ጡንቻዎች በሰዓቱ አይደርሱም። ሕመሙ በሁለት በሦስት ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ይህ ቅንጅት ግን በደንብ ካልተለማመዱት ብዙ ጊዜ ጎድሎ ይቀራል። ልጁ ሳያመው የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ባለፈው ዓመት ታጥፎ ዘንድሮ የደገመውም ለዚሁ ይመስለኛል። ቁርጭምጭሚት እንደገና የመታጠፍ ዕድሉን ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው ከዚህ በፊት ታጥፎ ማወቁ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ራጅ ተነሥቷል? እ.ኤ.አ. በ1992 ካናዳ ኦታዋ ውስጥ የወጣ መመሪያ አለ፤ በብዙ አገር ይሠራበታል። በቁርጭምጭሚት ግራና ቀኝ ጎላ ብለው የሚታዩትን ሁለት አጥንቶች በኋላ ጠርዛቸው በኩል፣ ከጫፋቸው እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ በጣትህ ተጫን። አጥንቱ ራሱ ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል። በእግሩ ጎን፣ የትንሿ ጣት ረጅም አጥንት ከሚጀምርበት ጉብታ ላይ ካመመውም እንዲሁ። በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለው አጥንት ላይም ቢሆን ያው ነው። ወዲያው እንደተጎዳም፣ በኋላ ሐኪም ሲያየውም አራት እርምጃ መሄድ ካቃተው ደግሞ ሌላ ምልክት አትጠብቅ።

ስለ እሁድ በግልጽ ልንገርህ። በአንድ እግሩ መቆም ያልቻለን ልጅ እኔ አላሰልፍም። ክረምት ነው፣ ሜዳው ጭቃ ነው፣ የተጋጣሚ ተከላካይ ደግሞ አይምረውም። ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ ጅማቱን አይጠግንም። ጨጓራና ኩላሊት ላይም ጣጣ አለው።

የወጌሻ ልጅ

አባቴ ወጌሻ ነው። አያቴም ወጌሻ ነበር። ሐኪም ቤት በሌለበት ዘመን ሞጃና ወደራን፣ አንኮበርን፣ መንዝን ያነሡት እነሱ ናቸው። ስለ ወጌሻ መጥፎ መጥፎው ብቻ ሲወራ ቅር ይለኛል።

ግን እውነቱን ልናገር። ወጌሻና ወጌሻ ይለያያል። አባቴ ትኩስ ያበጠ ነገር አያሽም። "ይብረድ" ብሎ ይመልሳል። አጥንት ከጠረጠረ "መጀመሪያ ራጅ ተነሡ" ይላል። ገንዘብ ቀረብኝ ብሎ አያውቅም። በተጎዳበት ዕለት ማታ፣ እብጠቱ እየጨመረ እያለ ያሸ ሰው ካለ ትክክል አልሠራም። አባቴም ቢሆን ይህንኑ ነው የሚላችሁ።

ሌላው ደግሞ እስሩ ነው። ሰው የሚፈራው መታሸቱን ነው፤ የበለጠ የሚያስፈራው ግን እስሩ ነው። በእንጨት ተጠፍሮ ሌሊቱን ካደረ እብጠቱ መሄጃ ያጣል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከነጡ፣ ከደነዘዙ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ እስሩን ወዲያው መፍታት ነው። እስኪነጋ መጠበቅ የለም። በተለይ እኛ አገር "ብርዱ ነው" ተብሎ ይታለፋል። የደብረ ብርሃን ብርድ ሁለቱንም እግር እኩል ነው የሚያቀዘቅዘው። አንዱ እግር ብቻ ከቀዘቀዘ ብርድ አይደለም።

ፊዚዮዋ

ወንድሜ፣ ይህን አንተ መናገርህ ከኔ መናገር ይበልጣል። በአጥብቆ መታሰር ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ልጆች በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይተዋል። አባትህ የሚያደርጉትን ሁሉም ወጌሻ ቢያደርግ እኔ አብሬያቸው ለመሥራት ደስ ይለኛል። እሳቸው ራጅ ይላኩ፣ እኔ ልምምድ ልስጥ።

የጠባሴው አሰልጣኝ

አመሰግናለሁ እህቴ። ራጅ አልተነሣም። ዛሬ ባልሽው መሠረት ጫንኩት፤ አጥንቱ ላይ የትም አያመውም። በተጎዳበት ዕለትም እያነከሰ ከሜዳ በእግሩ ነው የወጣው። የሚያመው ከውጭ በኩል ካለው አጥንት ትንሽ ወደ ፊት፣ ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ነው፤ ያውም ስጫነው ብቻ።

እሁድ አላሰልፈውም፣ ወስኛለሁ። ግን "አርፈህ ተቀመጥ" ብለው ይህ ልጅ አይቀመጥም። ምን ላሠራው? ያለን ሜዳ፣ ኳስና ጥቂት ድንጋይ ነው።

ፊዚዮዋ

እንኳንም አይቀመጥ። መቀመጥ አያድነውም። የምትለው ቦታ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ጅማት ያለበት ነው፤ ከነገርከኝ አወዳደቅ ጋር ይገጥማል።

አንደኛ። ጎሚስታ ቤት ሂድና አሮጌ የቢስክሌት ካላማዳሪ ለምን። በቁመቱ ቁረጠው። አንዱን ጫፍ የጠረጴዛ እግር ላይ እሰረው፣ ሌላውን በእግሩ መዳፍ ዙሪያ አጥልቀው። ልጁ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ተረከዙ መሬት እንደነካ መዳፉን ወደ ውጭ ይጎትት። ጉልበቱ አብሮ መዞር የለበትም፤ ልጆች እዚህ ላይ ያጭበረብራሉ፣ እጅህን ጉልበቱ ላይ አሳርፍ። ወደ ውጭ በዝግታ፣ ወደ ቦታው ሲመለስ ደግሞ ከዚያም በዝግታ። ላስቲኩ እግሩን ነጥቆ ከመለሰው ልምምዱ ከንቱ ነው። ዋናው ጥቅም ያለው በአመላለሱ ላይ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ሊታጠፍ ሲል የሚይዘው ጡንቻ የሚሠራው እንደዚያ ነውና። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር።

ሁለተኛ፣ ተረከዝ ማንሣት። ግድግዳውን በጣቱ ጫፍ ብቻ ይንካ። በአንድ እግሩ ቆሞ ተረከዙን ወደ ላይ እስከ መጨረሻው ያንሣ፣ በቀስታ ያውርድ። መጀመሪያ ጤነኛው እግር ስንት እንደሚችል ቁጠር። የተጎዳው ወደዚያ ቁጥር መድረስ አለበት።

ሦስተኛው ሚዛን ነው፤ ለዚህ ልጅ ከሁሉም የሚያስፈልገው ይህ ነው። ጥርሱን ሲቦርሽ በአንድ እግሩ ይቁም። 30 ሰከንድ ሳይንቀጠቀጥ ከቻለ ጋቢ አጣጥፎ በላዩ ይቁም። ከዚያ እንደዚያው ቆሞ ኳስ ወርውርለት፣ ይመልስልህ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ። ሲጨፍን አጠገቡ ሁን።

ደግሞ መለኪያ ልስጥህ። ጫማውን አውልቆ ግድግዳ ፊት ይቁም። ተረከዙ ከመሬት ሳይነሣ ጉልበቱን አጥፎ ግድግዳውን ያስነካ። ከነካ እግሩን ወደ ኋላ ትንሽ ያርቅና ይድገም። ጉልበቱ መንካት የሚችልበትን የመጨረሻ ርቀት ከአውራ ጣቱ እስከ ግድግዳው ለካ። ሁለቱንም እግር። ልዩነቱ 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ቁርጭምጭሚቱ ገና ግትር ነው። ግትር ቁርጭምጭሚት ይዞ የሚሮጥ ልጅ ጭነቱን ወደ ጉልበቱ ይልካል።

ሕመምን በተመለከተ፣ ከ10 ውስጥ እስከ 3 ቢሰማው አትደንግጥ። የሚፈርደው ማግስቱ ጠዋት ነው። ጠዋት ካበጠ ወይም ከትናንት ከባሰ በዝቷል ማለት ነው። ያኔ ቀንስለት እንጂ ጨርሶ አታስቁመው።

ወደ ኳስ ሲመለስ በዚህ ይሂድ። መጀመሪያ ቀጥታ ሶምሶማ። ከዚያ ፍጥነት። ከዚያ በድንጋዮቹ መሐል 8 ቁጥር እየሠራ። ከዚያ በአንድ እግር ዝላይ። ዝላዩን ለካው፤ የተጎዳው እግር የጤነኛውን 90 በመቶ ካልደረሰ ይጠብቅ። ከዚያ ከቡድኑ ጋር ያለ ንክኪ፣ ከዚያ ሙሉ ልምምድ፣ ከዚያ ተቀያሪ ሆኖ ይግባ።

መምህር ዘመሐል ሜዳ

የስፖርት መምህር ነኝ፤ ጡረታ ልወጣ ተቃርቤያለሁ። ይህን ውይይት ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት። ሦስት ነገር ልጨምር።

ብርድ ባለበት አገር ማሟሟቅ ችላ የሚባል ነገር አይደለም። መንዝ ላይ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልጆች ከመኝታቸው ተነሥተው በቀጥታ ሲሯሯጡ አያለሁ። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው "11 ፕላስ" የሚባል ማሟሟቂያ አለ። 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ኳስና ሜዳ ካለ ሌላ አይፈልግም። ሶምሶማ አለው፣ ሚዛን አለው፣ ዝላይና አወራረድ አለው፣ የሆድና የታፋ ጡንቻ ማጠንከሪያ አለው። ኖርዌይ ውስጥ በታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ አጠቃላይ ጉዳትን በሢሶ ገደማ ቀንሷል። ዋናው ግን ሳያሰልሱ መሥራት ነው። በዓመት አንዴ ለጉብኝት ሲሆን አይጠቅምም።

ለገናም እንዲሁ ነው። በገና ጨዋታ ዓመቱን ሙሉ ያልሮጠ ጎልማሳ ሁሉ ዱላ ይዞ ይወጣል። በማግስቱ ባቱን የያዘ፣ ቅልጥሙን የተመታ ሰው በየቤቱ ነው። ከበዓሉ በፊት ሁለት ሳምንት እንኳ ቢሮጡ ብዙው ይቀራል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ ለባለሙያዋ። እኛ "ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ" ብለን ነው ያስተማርነው። አሁን በረዶው ተሽሯል ሲሉ እሰማለሁ፤ እውነት ነው? ደግሞ አንድ የ13 ዓመት ተማሪ አለኝ። ከጉልበቱ ሎሚ በታች፣ ቅልጥሙ ላይ ጉብታ አውጥቷል፤ ሲሮጥና ሲንበረከክ ያመዋል። ቤተሰቡ ካንሰር ነው ብሎ ደንግጧል።

ፊዚዮዋ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎን የመሰለ መምህር ያላቸው ልጆች ዕድለኞች ናቸው።

ስለ በረዶው፣ ያንን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት ጌብ መርኪን የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ከብዙ ዓመት በኋላ በረዶና ፍጹም ዕረፍት ፈውሱን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፈዋል። እብጠቱ የፈውሱ መጀመሪያ ነውና። በረዶ ሕመም ያስታግሳል፤ በጨርቅ ጠቅልሎ 10 ወይም 15 ደቂቃ መያዝ ክፉ አይደለም። ግን መድኃኒት አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት እግሩን ይጠብቁለት፣ መጠነኛ ፋሻ ይሰሩለት፣ ከፍ አድርጎ ያሳርፍ። ትኩስ ውኃ፣ ጠንካራ ማሸትና አልኮል በነዚያ ቀናት ይቅሩ። ከዚያ ግን እንቅስቃሴ ነው።

የልጁ ነገር እንደገለጹት ከሆነ በዚህ ዕድሜ በጣም የተለመደ ነው። አጥንቱ በፍጥነት ሲያድግ የታፋው ጅማት የተያያዘበትን ለስላሳ ቦታ ይጎትተዋል፤ ቦታውም ይቆጣል፣ ያብጣል። ዕድገቱ ሲያበቃ ሕመሙ ይጠፋል፤ ጉብታው ሊቀር ይችላል። ስፖርት አያቋርጥ፣ ይቀንስ። ዝላይና መንበርከክ ለጊዜው ይቅርበት። ሆኖም ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ሕመም ካለ፣ ትኩሳት ካለው፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ሳይሮጥም ካመመው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

ሸዋሮቢት 7 ቁጥር

እኔ ሴቶች ቡድን ውስጥ ነኝ። የጉልበት ነገር ስላልተነሣ ልጻፍ። ማንም ሳይነካኝ ነው የተጎዳሁት። ሮጬ አቅጣጫ ልቀይር ስል እግሬ መሬት ላይ ቀረ፣ ገላዬ ዞረ፣ ጉልበቴ ውስጥ "ቋ" አለ። ሰዓት ሳይሞላ አበጠ። የሄድኩበት ቦታ "ወለምታ ነው፣ ይታሻል" አሉኝና ለወራት ታሸሁ። ሕመሙ ጠፋ። ግን ደረጃ ስወርድ፣ ዞር ስል ጉልበቴ ይከዳኛል። አዲስ አበባ ሄጄ ኤምአርአይ ተነሣሁ። የጉልበቱ የፊት መስቀል ጅማት ሙሉ በሙሉ ተቆርጧል። በማሸት የሚገጥም ነገር አልነበረም።

ፊዚዮ ስጀምር የመጀመሪያው ቀን ያደረጉልኝን አልረሳውም። የልብስ ሰፊ ሜትር አወጡና ከጉልበቴ ሎሚ በላይ እኩል ርቀት ምልክት አድርገው ሁለቱንም ታፋዬን ለኩ። የተጎዳው ጎን ቀጥኗል። በዓይኔ አላየሁትም ነበር፤ ሜትሩ ላይ ሳየው ደነገጥኩ። የመጀመሪያው ልምምዴ ፎጣ ጠቅልሎ ከጉልበት ሥር አድርጎ ፎጣውን ወደ ታች መጫን ነበር። ይህ ደግሞ ምን ይሠራል ብዬ ነበር። ጡንቻዬ እሺ ብሎ አይኮማተርም፤ በጣቴ መታ መታ እያደረግሁ ነው የቀሰቀስኩት።

እህቶቼ፣ "ቋ" ካለና ወዲያው ካበጠ፣ ከዚያም ጉልበት ከከዳ ዝም አትበሉ። ይህ ጉዳት ሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶች ይልቅ ይበዛል።

ባሶናው 10 ቁጥር

እህቴ፣ ቀዶ ሕክምና ግድ ነው? አንድ ጓደኛዬ እንዲሁ ተብሎ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ ጨንቆታል።

ፊዚዮዋ

ግድ አይደለም፣ ለሁሉም ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የስዊድን ጥናት አለ። ጅማቱ የተቆረጠባቸውን ንቁ ወጣቶች ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ከነልምምዱ ተደረገላቸው። ሌሎቹ በልምምድ ጀምረው ካስፈለገ ብቻ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም። ጉልበቱ በየቀኑ የሚከዳው ወይም የጉልበት ትራሱ (በአጥንቶቹ መሐል ያለው ለስላሳ ንጣፍ) አብሮ የተቀደደበት ሰው ግን ነገሩ ይለያል፤ የአጥንት ሐኪም ያማክር። በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ልምምዱ አይቀርለትም። ሳይዘገይ ዛሬውኑ ይጀምር።

ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ደግሞ ከ9 ወር በፊት ወደ ግጥሚያ መመለስ የለም። በዘጠኝ ወር ውስጥ እያንዳንዱ ወር መታገሥ ዳግም የመጎዳትን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ኖርዌይ ላይ ታይቷል። ዘጠኝ ወር ሞላ ተብሎም አይገባም። የጡንቻው ጥንካሬ ይለካል፣ ዝላዩ ይለካል።

ጣርማበር ሯጭ

እኔ ስለ ሯጮች ልናገር። ደብረ ሲና ነው ያደግኩት፣ የምሮጠውም እዚያው ነው። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቁልቁለቱን ወደ ደብረ ሲና የሚሮጥ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የተረከዝ ጅማቱ ይናገረዋል። ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ጅማቱ ግትር ይላል፤ ሲሞቅ ይተዋል፤ ማታ ይመለሳል።

ይህ ጅማት ትልልቆቹንም አልማረም። ኃይሌ መስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ወርቅ ሲያገኝ ይኸው ጅማት እያስቸገረው ነበር። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነሐሴ ላይ ለኤድመንተኑ የዓለም ሻምፒዮና ተመልሶ 3ኛ ወጣ። ኃይሌም ቢሆን ጊዜ ወስዶበታል። የሰፈራችን ልጅ ግን ለሳምንት አርፎ እንደ ድሮው ሊሮጥ ይፈልጋል።

ሃካን አልፍሬድሰን የሚባል ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም ራሱ ሯጭ ነበር፤ ጅማቱ እያመመው ቀዶ ሕክምና አድርጉልኝ ቢል "አይሆንም" ተባለ። እንግዲያው ራሴ እበጥሰዋለሁ፣ ያኔ ግድ ይሆንባቸዋል ብሎ እያመመው ደረጃ ላይ ተረከዙን ያወርድ ጀመር። ሊበጥሰው የነበረው ጅማት ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1998 በ15 ሯጮች ላይ ሞክሮ አሳተመው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በእግር ጣቶችህ የደረጃ ጫፍ ላይ ቁም። በጤነኛው እግር ወደ ላይ ተነሣ። ክብደትህን ወደታመመው አዛውርና ተረከዝህን ከደረጃው በታች በቀስታ አውርድ። መልሶ የሚያነሣህ ጤነኛው ነው። ጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። ሲቀልህ ጀርባህ ላይ ቦርሳ አንግተህ ድንጋይ ጨምርበት። እኔ በዚህ ነው የተመለስኩት። 12ቱን ሳምንት ጨርሱት፤ ብዙ ሰው በአራተኛው ያቆማል።

ፊዚዮዋ

በጣም ጥሩ አድርገህ ጻፍከው። አንድ ማስተካከያ ብቻ። ሕመሙ ከተረከዝ ሁለት ሦስት ጣት ከፍ ብሎ ጅማቱ መሐል ላይ ከሆነ እንዳልከው ነው። ጅማቱ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ተረከዙን ከደረጃ በታች ማውረድ ያባብሰዋል። ለነዚያ ሰዎች ልምምዱ ሜዳ መሬት ላይ ይሁን። ቁልቁለቱንም ለጊዜው ቀንሱ። በዳገት ሩጡ፣ መልሱን በእግር ውረዱ።

ባሶናው 10 ቁጥር

እሺ፣ ገባኝ። ግን እንጠይቅሽ። ማሳጁና ማሽኑስ? ጓደኞቼ ፊዚዮ ሲሄዱ የሚፈልጉት እሱን ነው። "ማሽን አላደረጉልኝም፣ ስፖርት ሥራ አሉኝና መለሱኝ" ይላሉ።

ፊዚዮዋ

ይህን ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ በየቀኑ የሚገጥመኝ ነገር ነው። ሰው ገንዘብና ጊዜ አውጥቶ መጥቶ "ተረከዝህን አንሣ አውርድ" ሲባል ያልታከመ ይመስለዋል። ማሸት ጡንቻ ያፍታታል፣ ሕመም ያቀላል፣ እንቅልፍም ይሰጣል። ማሽኑም ለተወሰነ ጊዜ ያስታግሳል። ጅማትና ጡንቻ የሚጠነክሩት ግን ጭነት ሲያገኙ ነው። ያንን ጭነት እኔ በእጄ ልሰጥህ አልችልም፤ አንተ ነህ የምትሠራው። የኔ ሥራ ዛሬ ምን ያህል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምን ያህል የሚለውን መለካት ነው። ተኝተህ ብቻ የምትታከምበት፣ ቤት የሚሠራ ልምምድ የማይሰጥህ ቦታ ካለ "ቤት ምን ልሥራ?" ብለህ ጠይቅ። መጠየቅ መብትህ ነው።

እናት ዓለም

ልጆቼ፣ ተባረኩ። እኔ ግን ገጠር ላለው ሰው ነው የማስበው። ከአንጎለላ፣ ከሞላሌ፣ ከዓለም ከተማ በሳምንት ሦስቴ ተመላልሶ ማን ይችላል?

ፊዚዮዋ

እውነትዎን ነው እናቴ፣ ያስጨንቃል። ፊዚዮቴራፒስት የሚገኘው በአብዛኛው ትልልቅ ሆስፒታሎች ላይ ነው። የማህበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያው ሄዶ ሪፈር ያጽፍ፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ከመጣ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው እኔ አንድ ቀን በደንብ አሳየዋለሁ፣ በገዛ ስልኩ ቪዲዮ አስቀርጸዋለሁ፣ ከዚያ በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ይመጣል። ስትመጡ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ይዛችሁ ኑ። እናት ወይም እህት ካየች ልምምዱ አይቀርም።

የጠባሴው አሰልጣኝ

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። እሁድ አልተሰለፈም። 2 ለ 1 ተሸንፈን ወጣን። አንድ ወላጅ ከጨዋታው በኋላ ሰው ፊት ተናገረኝ። ይናገር። ልጁ ግን የመጀመሪያውን ሁለት ቀን አኩርፎ ካላማዳሪውን ጎሚስታ ቤት ራሱ ሄዶ አመጣ። አሁን ልምምድ ሲኖረን ቀድሞ ይመጣና ጥግ ላይ ሆኖ ይሠራል። ጋቢ ላይ መቆም ጀምሯል። ግድግዳው ላይ የለካነው ልዩነት 3 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ አሁን ከ2 በታች ገብቷል። በዝላይ ግን ገና ነው፣ የቀኙ በጣም ያንሳል። ቡድኑን ሁሉ ደግሞ መምህር የነገሩንን የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ አስጀምሬያለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ። ሲመለስ ቁርጭምጭሚቱን በፋሻ ወይም በድጋፍ እየታሰረ ይጫወት? አንዳንዱ "ያሰንፈዋል" ይለኛል።

ፊዚዮዋ

አያሰንፈውም፤ ልምምዱን እስካልተወ ድረስ። ሁለቴ ለታጠፈ ልጅ ድጋፉ ዳግም መታጠፍን ይቀንሳል። ልምምድና ግጥሚያ ላይ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ቢያደርገው ጥሩ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው ማሰሪያ ያለው ድጋፍ ከተራ ፋሻ ይሻላል፤ ፋሻ ሲሮጥ ይላላል። ከላብ በኋላ ይጠብ፣ ቆዳውን እንዳይበላው። ዝላዩን በየሳምንቱ መጨረሻ ለካና ቁጥሩን እዚህ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ማታ ሲተኛ ድጋፉን ይፍታው።